ከውስጥ የሚቀረቀር በር

ደሴ የተከራየናት ክፍል በሯ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይዘጋም ነበር። ከውጭ ጓጉንቸር የሚንጠለጠልበት ብረት አላት፤ ከውስጥ ግን ምንም። ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚገባ ጎረምሳ ነበር አሉ፤ ሲተኛ ድንጋይ ያስጠጋባታል። ድንጋዩም እዚያው ጥግ ጠበቀን። ሚስቴ አየችውና "እኔ በዚህ እግሬ ድንጋይ እየገፋሁ ነው ሽንት ቤት የምወጣው?" አለች። በማግስቱ ፒያሳ ሄጄ መቀርቀሪያ ገዛሁና በገዛ እጄ መታሁት። ባለሱቁ የሚያብረቀርቀውን ሊሰጠኝ ነበር፤ እኔ ወፍራሙን አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሳጠብቅና ሳላላ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚያብረቀርቅ ብረት አላምንም።

ክፍሏ አልጋችን ከገባ በኋላ የተረፋት ለአንድ ወንበርና ለአንድ ምድጃ ነው። ሁለታችን ባንድ ጊዜ ቆመን አንለብስም፤ አንዳችን ስንነሳ ሌላችን አልጋው ላይ እንቀመጣለን። የጀርባው ግድግዳ ቁልቁለቱን ተደግፎ ስለተሠራ ክረምት ላይ ያልበዋል። ጠዋት በሩን ስትከፍተው ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም እንደ እንግዳ ሳያንኳኳ ይገባል። እኛ የኮምቦልቻ ሰዎች ነን፣ ሙቀት የለመድን። ደሴ ከታች ሆነህ ስታስበው ቅርብ ነው፤ ኪራይ ስትጠይቅ ግን ሌላ አገር ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ከየቦታው የተፈናቀለው ሰው መጥቶበት፣ ተማሪው መጥቶበት፣ ሠራተኛው መጥቶበት፣ ዶሮ የምታድርበት ቤት ሁሉ ተከራይ አለው። የእኔን ጡረታ ክፍሏ ብቻዋን ነው የምትበላው፤ እኛ የምንበላውን ልጃችን ከታች ትልካለች።

ደሴ የወጣነው ለመኖር አይደለም፤ ለእግሯ ነው። ሚስቴን ስኳር ከያዛት ቆይቷል። አንድ ቀን አዲስ ጫማ አድርጋ ለቅሶ ሄደች፤ ጫማው ጣቷን ላጣት። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ያቺ የተላጠች ቦታ ቁስል ሆነች፣ ቁስሏ ጣት አስቆረጠች፣ የተቆረጠው ደግሞ አልድን አለ። የኮምቦልቻዎቹ ሐኪሞች ወደ ደሴ ላኩን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ነገር አያሽሞነሙንም። በየሁለት ቀኑ እየታጠበ ከደረቀ እግሩ ይተርፋል፣ ካልደረቀ ከቁርጭምጭሚት በላይ እንሄዳለን አለኝ። "እንሄዳለን" ሲል እሱ የሚሄድ መሰለኝ፤ መቁረጥ ማለቱ እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ኮምቦልቻ ያለን የቀበሌ ቤት ነው፤ ልጃችን ከነልጆቿ አብራን ትኖራለች። መጀመሪያ ከዚያ ነበር የምንመላለሰው። ሚኒባሱ አቀበቱን ሲጠማዘዝ ሚስቴ ታስመልሳለች። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ" እያለ ሰው ሲያስገባ አንዱ ይረግጣታል። አንድ ቀን ስንደርስ ፋሻው ቀልቶ ነበር፤ ያጠበቻት ነርስ ተቆጣች። "አባባ፣ እኛ የሠራነውን መንገዱ ያፈርሰዋል። እዚሁ ቅርብ ቤት ይፈልጉ እንጂ" አለችኝ። ስትናገረው ቀላል ነው።

ፈለግሁ። ደላላው መጀመሪያ የወሰደን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ቤቱ አየር አለው አባባ አለኝ። አየሩስ ይሁን፣ እሷን ማን ተሸክሞ ያወጣታል ስለው፣ እሱን አላሰብኩም አለ። ቀጥሎ የወሰደን ትልቅ የብረት በር ያለው ግቢ ነው። ባለቤቱ ወጣና ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠችውን ሚስቴን አየት አደረገ፤ ከዚያ ደላላውን ጎተት አድርጎ፣ ድምፁን ግን ሳይቀንስ፣ "ቅሬ አላቸው?" አለው። የምንቀባበርበት ማኅበራችን ነው ቅሬ ማለት። እኔ እዚያው ቆሜ አለሁ እኮ። የኮምቦልቻ ቅሬ አለን አልኩት።

"እሱማ ኮምቦልቻ ነው" አለ። "እዚህ አንድ ነገር ብትሆኑብኝ ድንኳኑን የት ልትከለው? ግቢው መኪና ያድርበታል።"

ሚስቴ ከባጃጁ አንገቷን አወጣችና "ንገረው፣ እኔን ያመመኝ እግሬን ነው። እሱ ራሱ በሞት ከቀደመኝ ለሱ ድንኳን ቦታ አላጣም በለው" አለች። ባጃጅ ነጂው ሳቀ። ቤቱ ግን ቀረ።

ሦስተኛው ይኼኛው ነው። ባለቤቷ ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። በላከችው ገንዘብ ፊት ለፊት አንድ ቤት ተሠርቷል፤ እዚያ እናቷና ወንድሟ ከነሚስቱና ልጆቹ ይኖራሉ። ጓሮ ያለችው ይቺ አንዲት ክፍል ናት የምትከራየው። እናትየዋ እስላም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን ነን፤ እሱ ወሎ ላይ ነገር ሆኖ አያውቅም። የሚስቴን እግር አይተው "እዚህ ደረጃ የለም፣ ግቡ እህቴ" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ የለም።

ሁለቱ ሴቶች የአንድ እናት ልጆች ሆኑ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ እናትየዋ ከራሳቸው ጀሪካን በፊት የእኛን ይሞላሉ። እኔ ተው ብል "አንቱ ዝም በሉ፣ ለእግሯ ነው" ይሉኛል። ፀሐይ ስትወጣ ሁለቱም በራችን ላይ ተቀምጠው፣ ሚስቴ እግሯን ኩርሲ ላይ ዘርግታ፣ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ያነሱታል ያስቀምጡታል። ቁስሉም ዳር ዳሩን መጥበብ ጀመረ። ነርሷ ሌሎቹን ጠርታ አሳየቻቸው፤ እኔን "ጎበዝ አባባ" አለችኝ፣ ያጠብኩት እኔ ይመስል።

እንዲህ ደኅና እየሆነች ሳለ ወንድምየው አንድ ጠዋት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት እያየ፣ እህቴ ክፍሏን ትፈልጋታለች፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ፈልጉ አለን። ለምን ስለው "ትፈልጋታለች" ብቻ። ደግሜ ብጠይቀው ያንኑ።

ይህን ቋንቋ አውቀዋለሁ አልኩ። ደሴ ላይ "ቤቱን እፈልገዋለሁ" ማለት ከአንተ የተሻለ የሚከፍል አግኝቻለሁ ማለት ነው። አንዱ ሊታደስ ነው ይላል፣ አንዱ ልጄን ልድርበት ነው ይላል፤ በሳምንቱ አዲስ ተከራይ ፍራሹን ተሸክሞ ሲገባ ታያለህ። እናትየዋን ብጠይቃቸው በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፈኑ። "እኔን አይጠይቁኝ ወንድሜ። ቤቱ የሷ ነው። እኔም እንደ እርስዎ ተቀምጬበት ነው" አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ግን የልጃቸው ስግብግብነት ያሳፈራቸው መሰለኝ።

አልወጣም አልኩ። ሚስቴ እስቲ በእርጋታ ምክንያቱን ጠይቅ፣ ስልኳን ተቀብለህ ራሷን አናግራት አለችኝ። እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው። ውል የለኝ፣ ሕግ አላውቅ፤ የማውቀው ሽማግሌ ነው። ኮምቦልቻ ስንት የተጣላ ባልና ሚስት፣ ስንት የድንበር ጠብ፣ ሽማግሌ ሆኜ ገብቼ አስታርቄያለሁ። ሽማግሌ ከቆመበት ቤት ባዶ እጄን ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ ለራሴ ሽማግሌ ልላክ አልኩ።

ሽማግሌ ስትልክ ያንተን ወዳጅ ብቻ አትልክም፤ ያ ሰው የሚያፍረውን ነው የምትልክ። ልጅቱን በሕፃንነቷ ቁርዓን ያስቀሯት፣ ያስተማሯት ሸኽ እዚያው ሰፈር አሉ፤ እሳቸውን ለመንኩ። የንስሐ አባታችን ቄሱ ከኮምቦልቻ መጡልኝ። ሦስተኛው የፋብሪካ ጓደኛዬ ነው፣ ምላሱ ብቻውን የሦስት ሽማግሌ ሥራ ይሠራል። ቄሱን አቀበቱ አድክሟቸው ሲያቃስቱ አይቶ "አባ፣ እዚያ ሲደርሱ እንዳይቀመጡብን፤ የእኛ መሣሪያ መቆም ነው" አላቸው። ቄሱ "አንተ ብቻ ዝም በልልን፣ እኔ እስከ ማታ እቆማለሁ" አሉት።

መሣሪያው እውነትም መቆም ነው። ሽማግሌ ሰው ቤት ገብቶ ግቡ፣ አረፍ በሉ ሲባል፣ እሺ ሳትሉን አንቀመጥም ይላል። ሽበት ፊትህ ቆሞ አንተ መቀመጥ ትቸገራለህ፤ ሰዓቱ ሲረዝም መጨረሻ ላይ እሺ ትላለህ። ሽማግሌው ከተቀመጠ ግን ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ባለጉዳዩ አብሮ አይገባም፣ ወጉ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የእኛን ቤት ከፊት ቤቱ የሚለየው ግን የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ትንሽ ተቀመጥኩ፤ አላስቀምጥ አለኝ። ሄጄ በተከፈተው በር አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

እናትየዋ ግቡ፣ አረፍ በሉ እያሉ ትራስ ያስተካክላሉ። ጓደኛዬ አንቀመጥም አለ። ወንድምየው ግራ ገባው። እኔ ምን ሥልጣን አለኝ፣ የምታዝዘው እሷ ናት፣ እሷን ላገናኛችሁ አለና ስልኩን ደውሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ስልኩ ፊት ቆሙ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሽማግሌ ሆኜ፣ ሽማግሌ ስልክ ፊት ሲቆም ያን ቀን አየሁ።

ሸኹ "ልጄ፣ እኔ ነኝ" ሲሉ በድምፃቸው ለየቻቸው።

"ያረቢ፣ ሸኽዬ! በሕይወት አሉ?"

"አለሁ፣ ሞት ረስቶኝ።"

ሳቀች። ሳቋ ገና የልጅ ነው። ከዚያ ምነው ቆመው ያወራሉ፣ ድምፅዎ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ተቀመጡ እንጂ አለች። ጓደኛዬ ጣልቃ ገባ።

"ቆመናል ልጄ። እሺ እስክትይን አንቀመጥም።"

"እኔ እኮ አላያችሁም" አለች።

"እንግዲህ እመኚን። ጆሮሽን ከጣልሽ የቄሱ ጉልበት ሲንቋቋ ይሰማሻል።"

ነገሩን ያቀረቡት ሸኹ ናቸው። ጓሮ ያለችው ሴት የታመመች ናት፤ እግሯ ሊድን ጥቂት ቀርቶታል፤ ዛሬ ከዚህ ብትወጣ መንገዱ እግሯን ይወስደዋል፤ የምትጨምሪው ኪራይ ካለ እንነጋገር፣ ብቻ ቁስሏ እስኪደርቅ አታስወጪያት አሉ። ሲናገሩ ሳሉ እናትየዋ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ሽማግሌ ወደሳቸው ነው የመጣው፣ አስተናጋጅ ናቸው፣ አብረው መቆም ወጉ አይደለም፤ ግን ሄደው ከቄሱ ጎን ቆሙ። ወንድምየው ዝግ ባለ ድምፅ "እማ፣ አንቺ ተቀመጪ እንጂ" አለ። እሳቸው ግን ስልኩን ያዩታል።

"ማነው እሱ የቆመ?" አለች ልጅቱ።

"እናትሽ ናት" አሉ ቄሱ።

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ወንድምየው እጁን ወደ ስልኩ ሲሰድ ነው ድምፅዋ የመጣ።

"እማ፣ አልነገርሻቸውም እንዴ?"

"አትናገሪ ብለሽኝ ልጄ" አሉ እናትየዋ።

ያን ጊዜ ራሷ ነገረችን። ኪራይ ልትጨምር አይደለም። ልትመጣ ነው። እንዳይሰማ ያለችውም፣ ከዓረብ አገር የተመለሰን ሰው ሁሉም ምን ይዘሽ መጣሽ ስለሚል ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ቤት ሌላ የያዝኩት ነገር የለም፣ እጄን ይዤ ነው የምመጣው አለች። ፊት ቤቱ ወንድሟና ልጆቹ ሞልተውታል። እነሱን ውጡ አልላቸውም አለች።

"ሸኽዬ፣ እኔ እዚህ የምተኛው ወጥ ቤቱ ጎን፣ በር በሌላት ቦታ ነው" አለች። "የመጣው ሁሉ ረግጦኝ ያልፋል። ውሃ የጠማው ይቀሰቅሰኛል፣ ልጅ ያለቀሰበት ይቀሰቅሰኛል። ያን ሁሉ ዓመት ገንዘብ ስሰድ፣ ጓሮ አንዲት ክፍል ሥሩልኝ ያልኳቸው ለኪራይ አልነበረም። ከውስጥ ዘግቼ ልተኛባት ነው። ማንም ተነሺ የማይለኝ።"

ሸኹ ቄሱን አዩ። ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ያ ጓደኛዬ፣ ያ ምላሰኛ፣ ምንጣፉን ያያል። ሦስቱም ግን አልተቀመጡም። ቢቀመጡ እኔን አሳልፈው መስጠታቸው ነው፤ ቆመው ቢቀሩ ደግሞ ምን ሊሏት ነው? እኔ ሽማግሌ ሆኜ እዚያ ብቆም ኖሮ ለማን እንደምፈርድ አውቀዋለሁ። ማወቁ ግን አላስደሰተኝም።

ገባሁ። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌ ቆሞ ባለጉዳይ ሲቀመጥ እኔም አይቼ አላውቅም፤ እነሱም አፍጥጠው አዩኝ። መጀመሪያ ቄሱ ተቀመጡ፣ ጉልበታቸውን ይዘው። ከዚያ ሸኹ፣ ከዚያ ጓደኛዬ። እናትየዋ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ቀሩ።

"ልጄ" አልኳት ስልኩን፣ "ተከራዩ እኔ ነኝ። ተቀምጠናል። ቤትሽ ነው።"

"አባባ፣ የእማማ እግር እንዴት ነው?" አለችኝ። እናቷ ሁሉን ነገር ይነግሯት ኖሯል።

"እየደረቀ ነው" አልኳት።

እንግዲያው እስክመጣ አትውጡ አለችኝ። የወሩ መጨረሻ ያልኩት ይለቁኛል ብዬ ነው፤ ፓስፖርቴ በምሠራላቸው ሰዎች እጅ ነው፣ ዛሬ ነገ እያሉ ነው፣ ቀኑን እኔም አላውቀው አለች። ሌላም ልትል ስትጀምር መስመሩ ተቋረጠ። ወንድምየው ደጋግሞ ደወለ፤ አልነሳም።

ሸኹ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱም ባረኩ፣ ሻይ ጠጣን። ስሸኛቸው ጓደኛዬ በር ላይ ያዘኝ። "ምነው ቸኮልክ? ገና ስንት ልንናገር ነበር" አለኝ። ምን ትሉ ነበር ስለው፣ አሰበ አሰበና "እሱን እንጃ" አለ።

ሚስቴ ሁሉንም ሰምታለች፤ ገመዱ ላይ የተሰጣው አንሶላ ድምፅ አይከለክልም። እንዲያ ቀድሞ ብትጠይቅ ኖሮ ቄሱ አቀበት ባልወጡ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ "መቀርቀሪያው ይጮኻል፤ ዘይት ንካው። መጥታ ስትዘጋው እንዳያስደነግጣት" አለች። ነካሁት።

ያ ወር አለቀ፤ ሌላም አለቀ። ልጅቱ አልመጣችም፣ እኛም አልወጣንም። ደላላውን እየደወልኩ አሰልችቼዋለሁ፤ አሁን ስልኬን ማንሳት ትቷል። ያገኘኋቸው ቤቶች ሁሉ ወይ ደረጃ አላቸው፣ ወይ ባለቤቱ ሚስቴን አይቶ ዘመድ ሊመጣብኝ ነው ይላል። ቁስሉ ጠቧል፣ ግን አልተዘጋም። ሐኪሙ ትንሽ ነው የቀረው ይላል። ያ ትንሽ ስንት ቀን እንደሆነ እሱም አያውቅ፣ እሷም ዓረብ አገር ሆና አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ሚስቴ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ መጀመሪያ የምታነሳው ልጅቱን ነው። ከሰዎቹ እጅ አውጣት፣ ለእናቷ አብቃት ትላለች፤ የራሷን እግር የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ምን እንደምል ይጠፋኛል። ቶሎ ትውጣ ብል በዚህች በሚስቴ እግር ላይ እየለመንኩ ነው። ትንሽ ትቆይ ብል ደግሞ ያቺ በር በሌላት ቦታ ትተኛለች። እንደ ፈቃድህ እላለሁ፤ ግን ከልቤ አይደለም፣ እሱም ያውቀዋል።

ትናንት ከሐኪም ቤት ተመልሰን የታጠበውን ፋሻ እየጠቀለልን ነበር፤ እሷ አንዱን ጫፍ ይዛለች፣ እኔ ሌላውን። ፊት ቤት ስልክ ጮኸ። እጃችን ቆመ። የእናትየዋ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ከዚያ ነጠላ ጫማቸው እርጥቡን ሲሚንቶ እየመታ ወደኛ መጣ። ሚስቴ ዓይኗን በሩ ላይ ተከለች። እኔ ፋሻውን ነው የማየው።

እናትየዋ አንሶላውን ገልጠው በራችን ላይ ቆሙ።

"ፓስፖርቷን ዛሬም አልሰጧትም" አሉ።

መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሚስቴ የያዘችውን ጫፍ ለቅቃ፣ በዚያ እግሯ ወርዳ፣ አቀፈቻቸውና አብራ አለቀሰች። እኔም ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን ይዤው የነበረው ትንፋሼ እፎይ ብሎ ወጣ፣ ሁለቱም ሰሙት። ፋሻውን ከመሬት አነሳሁና ብቻዬን መጠቅለል ቀጠልኩ።